አደር ጃማና ቀይ ቀለበቶቹ

ፋጡማ ስትደውልልኝ ከዚራ ሰፈር ካለው ቢሮዬ ወጥቼ ባጃጅ እያስቆምኩ ነበር። ፋጡማ ድሮ ነዳጅ ዴፖው ውስጥ አብረን ስንሠራ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ አሁንም እዚያው ናት።

«ገነት፣ ቁጭ በይ» አለችኝ ሰላም እንኳ ሳትለኝ።

«መንገድ ላይ ነኝ፣ ምን ላይ ልቀመጥ? ምነው?»

«አደር ጃማ አረፈ። ዛሬ ንጋት ላይ። ከዙሁር ሶላት በኋላ ይቀብሩታል።»

ባጃጁ መጥቶ አጠገቤ ቆሟል። እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደለጠፍኩ ደርቄ ቀረሁ። ሹፌሩ ትንሽ ታገሠና «እህት፣ ትገቢያለሽ ወይስ ሐውልት ነሽ?» አለኝ። ድሬ እንዲህ ናት፤ ሐዘንሽን እንኳ በወጉ አታስጀምርሽም። ገባሁ። ወዴት እንደምሄድ ሲጠይቀኝ አፌ ላይ የመጣው «ዴፖው ጋ» የሚል ነበር። አደር ጃማ ዴፖውን ከለቀቀ ሦስት ዓመቱ ነው። ግማሽ መንገድ ከሄድን በኋላ ነው ትዝ ብሎኝ ያስመለስኩት።

አደር ማለት በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው። ጃማ የዴፖው ሁሉ አጎት ነበር፤ ሥራ አስኪያጁ ሳይቀር አደር ነበር የሚለው። መጀመሪያ የተቀጠርኩ ቀን እኔ ጨዋ ነኝ ብዬ «እርስዎ» ስለው ዞር ብሎ ከኋላው ሰው እንዳለ አየ። ማንም የለም። «ናያ፣ አንቺ ልጅ፣ ለማን ነው? እኔን ከሆነ አንተ በይኝ። እርስዎ የሚሉኝ ፖሊስና ባንክ ቤት ብቻ ናቸው» አለኝ። እናቴ ከደጋ የመጣች ሰው ናት፤ ሽማግሌ አንተ ስል ብትሰማ በጥፊ ታጠናግረኝ ነበር። ግን ከሳምንት በኋላ ምላሴ ለመደው።

ሥራው በወረቀት «የመስመር ተቆጣጣሪ» ይባላል። ነዳጁ በቦቴ ከጅቡቲ ይመጣና ማራገፊያው ላይ ይራገፋል፤ ከዚያ በብረት ቱቦ ወደ ማጠራቀሚያ ታንከሮቹ ይገፋል። ቱቦው ሜዳውን አቋርጦ፣ አሸዋማውን ደረቅ ወንዝ ተሻግሮ፣ በአንድ መንደር ጀርባ ነው የሚያልፈው። አደር ጃማ ያንን ሁሉ በየቀኑ በእግሩ ይሄዳል። የሚሄደው ጎህ ሲቀድ፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ነው፤ ምክንያቱም ፀሐይዋ አንዴ ከከረረች ያንን ብረት እጅ አይነካውም።

አንገቱ ላይ ፎጣ፣ እጁ ላይ ትንሽ መዶሻ፣ ትከሻው ላይ የቀለም ቆርቆሮ የያዘ ከረጢት። ጥቂት ይራመዳል፣ ጎንበስ ይላል፣ ቱቦውን ከሥሩ ቷ ያደርገዋል፣ አንገቱን ወደ ቀኝ ሰበር አድርጎ ያዳምጣል። «ከላዩማ ሁሉም ጤነኛ ነው» ይለኝ ነበር። «ውኃ የሚተኛው ከታች፣ ብረቱ ድጋፉ ላይ በተቀመጠበት ነው። ዝገቱም እዚያ ነው። ስለዚህ ጎንበስ በይ ኢንጂነር፣ ወገብሽ አይሰበርም!»

አዎ፣ ኢንጂነር ነበርኩ። ዲግሪዬን ይዤ፣ ተክለ ሰውነቴን አስተካክዬ የመጣሁ። የቱቦ ውፍረት የሚለካው መሣሪያ ተበላሽቶ መሳቢያ ውስጥ ከተኛ ዓመታት እንዳለፉት ስሰማ ራሴን ይዤ ነበር የጮኽኩት። «ታዲያ በምንድነው የምትለኩት?» ፋጡማ ሳቀችና በመስኮት አሳየችኝ። አደር ጃማ ከበሩ አጠገብ ሐብሐብ ከሚሸጠው ሰው ጋር ቆሞ ሐብሐቦቹን አንድ በአንድ በጣቱ እያንኳኳ ያዳምጣል። «በዚያ» አለችኝ።

እንዳትስቁ። እኔም ስቄ ነበር። አንድ ጊዜ ከውጭ የመጣ የብየዳ ሠራተኛ ወንዙ ጋ ሁለት ቱቦ ገጥሞ በየደ። ብየዳው ሲያዩት ያምራል፤ እንደ ተጠለፈ ጥለት የተስተካከለ። ሥራ አስኪያጁ ፎቶ አነሣው። አደር ጃማ መጣና ቷ፣ ቷ አድርጎ «ይሄ ውስጡ የለም» አለ። በያጁ ተቆጣ፣ ሰደበው፣ «ሽማግሌ ምን ያውቃል» አለ። አደር ሄዶ ጥላ ሥር ተቀመጠ። በመጨረሻ ለክርክሩ ሲባል ብየዳው ተቆረጠ። ውስጡ እንደ ስፖንጅ የተበሳሳ ነበር። ሰውዬው አፉን ያዘ። አደር ጃማ ያኔ ያደረገውን መቼም አልረሳም፤ ሄዶ ለበያጁ ሻይ ገዛለትና «የዛሬው ንፋስ ነው ያበላሸብህ፣ ነገ በሸራ ጋርደህ በይድ» ብሎት መጣ። ሰው ሲዋረድ ማየት አይወድም ነበር።

አሁን የቀለበቶቹን ነገር ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከእሱ ነውና።

አደር ጃማ የአማርኛ ጽሑፍ ብዙም አያነብም። ቁጥር ያውቃል፣ ስሙን ይጽፋል፣ ከዚያ ወዲያ ቱቦው ራሱ ነበር ደብተሩ። የታመመ ቦታ ሲያገኝ ቱቦውን ዙሪያውን በቀለም ያስረዋል። ነጭ ቀለበት ከሆነ የዳነ ቁስል ነው። ቢጫ ከሆነ አይኑን ጥሎበታል። ቀይ ከሆነ ግን እስኪጠገን ድረስ በዚያ መስመር ነዳጅ ቀስ ተብሎ ነው የሚገፋው፣ ሙሉ ግፊት አይለቀቅም። ይሄ የተጻፈ ደንብ አልነበረም። የፓምፕ ቤቱ ከበደ በየጠዋቱ «አደር፣ ቀይ አለ?» ብሎ ይጮሃል፤ አደር በጣቱ ቁጥር ያሳየዋል፤ በቃ። በወሩ መጨረሻ እኔና እሱ ቁጭ ብለን ቀለበቶቹን ወደ መዝገብ እንገለብጣለን። «በየቀኑ እንጻፈው እንጂ» ስለው «ተጽፏል እኮ፣ ሄደሽ አንብቢ» ይለኛል።

ለታመሙት ቦታዎች ስም ያወጣ ነበር። አንዷ «አማቴ» ትባላለች። «አማቴ ዛሬ ተረጋግታለች» ሲል ቢጫ እንደሆነች እናውቃለን። ወንዙ ጋ ከአሸዋው በላይ ለምታልፈዋ ግን ስም ሳያወጣላት ነው ለለቅሶ የተጠራው። ወንድሙ ጅጅጋ ሞቶበት ነው። ከመሄዱ በፊት በነበረው ቀን ነው ያገኛት፤ ከቱቦው ሥር ዝገት የበላት፣ የባቄላ ፍሬ የምታህል ጎድጓዳ ቦታ። በደማቁ ቀይ አሰራት። ቢሮዬ መጥቶ «ለከበደ ነግሬዋለሁ፣ ቀስ አድርጎ ይገፋል። ስመለስ እናስጠግናታለን» አለኝና ለቅሶው ሄደ።

በማግሥቱ ከአዲስ አበባ እንግዶች እንደሚመጡ ተነገረን። ይሄን አገር ታውቁታላችሁ፤ እንግዳ ይመጣል ከተባለ የማይቀባ ነገር የለም። የአጥሩ ድንጋይ ተቀባ፣ የዛፉ ግንድ ተቀባ። ሥራ አስኪያጁ ከእኔ ጋር መስመሩን በመኪና ሲያይ ቀለበቶቹን አየና «ምንድነው ይሄ፣ እንደ ኩፍኝ የወጣበት? ሁሉም ብርማ ይሁን። አንቺ ተከታተይው» አለ።

እኔ በሙከራ ላይ ነበርኩ። የቋሚነት ደብዳቤዬ እሱ እጅ ነው። የሥራ ትዕዛዙ ወረቀት ላይ የመስመር ተቆጣጣሪው ስምምነት ፊርማ የሚል ቦታ አለ። አደር ጃማ ስልኩን አያነሣም፤ ለቅሶ ላይ ነው። ስሙን ጻፍኩ። አጠገቡ እሱ የሚጭረውን የሚመስል ነገር ጫርኩ። ምን ችግር አለው አልኩ፣ ሲመጣ ቦታውን ያውቀዋል፣ መልሶ ያስረዋል። ቀቢዎቹ ወንዙ ጋ ደርሰው «ይሄንንም ቀይ?» ብለው ሲጠይቁኝ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። «ቀቡት» አልኩ። ለከበደ ደግሞ «ቀይዋ ከሥሩ አለች፣ በቀለም እንዳትሸወድ» ብዬ ልነግረው ነበር። ልነግረው ነበር፣ ወላሂ። እንግዶቹ ከሰዓታቸው ቀድመው መጡ፣ ውኃ አቅርቢ፣ ወረቀት አምጪ ተባለ፣ ረሳሁት። በቃ ረሳሁት።

ከበደ መስመሩን በብስክሌት ሄዶ አየው። ከዳር እስከ ዳር ያብረቀርቃል፤ ቀይ የሚባል የለም። ምን ያስብ? ቱቦ የሚቀባው ከተጠገነ በኋላ ነው፤ ሁሌም እንዲያ ነው። ተጠግኗል ብሎ ደመደመ። ያን ሰሞን ከተማው ውስጥ ቤንዚን ጠፍቶ ማደያው ሁሉ ሰልፍ ነበር። በዚያ ላይ እንግዶቹ ቆመው ያያሉ። ሙሉ ግፊት ለቀቀ።

ወንዙ ጋ ተቀደደ።

እኔ በሩጫ ስደርስ አሸዋው ላይ ቤንዚን ኩሬ ሠርቷል። አደር ጃማ ከእኔ ቀድሟል። ከጅጅጋ የመጣበት መኪና መንገድ ዳር ሲያወርደው ሽታው ነው የጠራው፤ የለቅሶ ልብሱን እንደለበሰ፣ ፊቱ ላይ እየተረጨበት ወንዙ ዳር ያለውን የቱቦውን መዝጊያ ቫልቭ ዘግቷል። አሁን የቸገረው ሰዉ ነው። ቤንዚን ፈሰሰ የተባለ እንደሆነ መንደሩ ጄሪካን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ሕፃን የታቀፈች እናት ሳትቀር። ባጃጅ ሞተሩን ሳያጠፋ አሸዋው ድረስ ገብቷል። አንድ ብልጭታ ብቻ ነው የሚቀረው፣ ያ ሁሉ ሰው አመድ ነው። አደር ኩሬው መሐል ቆሞ በሶማሊኛ ይሳደባል፣ በኦሮምኛ ይለምናል፣ በአማርኛ ይጮሃል። «ሞተር አጥፋ! አጥፋ አንተ! ሲጋራህን!» ጄሪካኖቹን በእግሩ ይገለብጣል። አንዱ ጎረምሳ በጡጫ መታው፤ ወደቀ፤ እዚያው ቤንዚኑ ውስጥ ወደቀ፤ ተነሣና መጮኹን ቀጠለ። እሳት አደጋ እስኪደርስ ንቅንቅ አላለም። አንድም ሰው አልተቃጠለም። ሲያወጡት ግን ትንፋሹ እንደ ቀዳዳ ጎማ ያፏጭ ነበር፤ ከዚያ ቀን በኋላ ሳሉ አልተወውም።

ኮሚቴ ተቋቋመ። ሦስት ሰዎች፣ ረጅም ጠረጴዛ፣ ከላይ የሚንቋቋ ማራገቢያ። እኔ በሩ አጠገብ ተቀምጫለሁ። ሰብሳቢው ወረቀቱን ወደ አደር ጃማ ገፋለት።

«ይሄ ፊርማ ያንተ ነው?»

አነሣው። ለረጅም ጊዜ አየው። የራሱን ፊርማ የማያውቅ ሰው የለም። አሁን ነው ያለቀልኝ ብያለሁ።

«የኔ ነው» አለ።

«ቀለበቶቹን እንዲቀቡ ፈቅደሃል?»

«ገነት ደውላልኝ ቀቢው ብያታለሁ።»

«ለፓምፕ ቤቱ ማሳወቅ የማን ድርሻ ነበር?»

ሳል ያዘው። ሳሉ ሲያልፍለት «የኔ» አለ። «ለቅሶ ላይ ነበርኩ፣ ረሳሁት።»

እዚያች ወንበር ላይ ተቀምጬ አንዲት ቃል አልወጣኝም። አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ከፍቼ ነበር።

አሰናበቱት። በዲሲፕሊን። ዕድሜውን ሙሉ ያንን ቱቦ ያዳመጠ ሰው በቸልተኝነት ጥፋተኛ ተባለ።

በነጋታው ቤቱ ሄድኩ። ሽርጡን ታጥቆ ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። ሚስቱን ኤዶ ሐሊማ እንላታለን፤ ኤዶ ደግሞ አክስት ነው። ሻይ በወተት አቀረበችልኝና ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ።

«አደር፣ ለምን እንዲህ አደረግክ?»

«ናያ፣ አትነፋረቂ። አንቺ በሙከራ ላይ ነሽ፣ እኔ ጡረታ ልወጣ ነው። ሻይሽ በረደ።»

«ሄጄ እናገራለሁ። ዛሬውኑ እናገራለሁ።»

ሂጂም አላለኝ፣ ተዪውም አላለኝ። ብርጭቆውን አነሣ፣ ጠጣ፣ አስቀመጠ። እኔ ደግሞ ያንን ዝምታ ተዪው እንዳለኝ አድርጌ ወሰድኩት። ስለተመቸኝ ነዋ! ለሰው ምን እዋሻለሁ፤ ስለተመቸኝ ነው።

ትንሽ ነገሩ ይብረድ አልኩ። የቋሚነት ደብዳቤዬ መጣ። ከዚያ ዕድገት መጣ፣ ወደ ከዚራ ቢሮ ተዛወርኩ። መጀመሪያ በየሳምንቱ እጠይቀው ነበር፤ ከዚያ ለኢድ ብቻ፤ ከዚያ እሱም ቀረ። ስለ እሱ የምሰማው ከፋጡማ ነው። ወሬው ከተማውን ዞረው፤ የዴፖው አደጋ የዚያ ሽማግሌ ጥፋት ነው፣ ጆሮው ደክሞ ነው፣ አርጅቶ ነው። ከሰዓት በኋላ ጫት የሚቅምበት ቦታ አንዱ «አደር፣ ይሄ ጣሪያ አይወድቅብንም? አንኳኳውማ!» ብሎ አሾፈበት አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚያ አልተመለሰም። አንድ ጠዋት ደግሞ ወደ ዴፖው መጥቶ፣ መዶሻውን ይዞ፣ በአጥሩ በኩል ቱቦውን ሲያይ ቆየ። አዲሱ ጥበቃ አላወቀውም፤ ሂድ ከዚህ አለው። ሄደ። ፋጡማ ይሄን ስትነግረኝ ስልኩን ዘጋሁባት።

እንግዲህ የሄድኩበት ለቅሶ የዚህ ሰው ለቅሶ ነው።

ቀብሩ አልፎ ደረስኩ። ደጁ ላይ ድንኳን ተጥሏል፤ ወንዶቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። የዴፖው ሰዎች ሁሉ አሉ። ከበደ ሲያየኝ ተነሥቶ ሰላም አለኝ፤ ሸብቷል። ሴቶቹ ወዳሉበት ልገባ ስል ከኋላዬ ለአጠገቡ ሰው በሐዘን ድምፅ እንዲህ ሲል ሰማሁት።

«ደግ ሰው ነበር፣ አላህ ይማረው። ያቺ ጥፋት ብቻ ናት ስሙን ያበላሸችው።»

እግሬ በሩ ላይ ቆመ። ከበደ ምን ያድርግ፣ የሚያውቀውን ነው የተናገረው። ዞርኩ። ድንኳኑ ውስጥ ሴት ገብታ አትናገርም፤ እኔ ግን ገባሁ።

«ከበደ፣ እሱ አላጠፋም» አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ። «አልደወልኩለትም። ቀቢው አላለኝም። ፊርማውን እኔ ነኝ የጫርኩት። ቀይዋን ቀቡት ያልኩት እኔ ነኝ፣ ላንተ ሳልነግርህ የቀረሁትም እኔ ነኝ። እሱ አንድም ነገር አልረሳም።»

ቁርአን የሚያነቡት ሽማግሌ ሳይቀሩ ቀና ብለው አዩኝ። ከበደ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሦስት ዓመት ሙሉ አደርን መንገድ ላይ ሲያየው ሰላም ሳይለው ነበር የሚያልፈው። ይሄን ፋጡማ ነግራኛለች።

ወደ ውስጥ ገባሁ። ኤዶ ሐሊማ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ነጭ ለብሳለች። ድንኳኑ ከበሩ ሁለት እርምጃ ነው፤ ሁሉንም ሰምታለች። እግሯ ሥር ተንበረከክሁ።

«ኤዶ፣ እኔ ነኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለችኝ። አላለቀሰችም። «ከኮሚቴው የመጣ ዕለት ነግሮኛል።»

«እና ለምን ዝም አልሽኝ? ለምን እሱ ዝም አለኝ?»

«እኔማ ሄጄ ልጮህ ነበር። እሱ ነው የከለከለኝ። 'ራሷ ትናገራለች፣ እናገራለሁ ብላኛለች' አለኝ።» የአደርን የአንገት ፎጣ ጉልበቷ ላይ ይዛዋለች፤ አጠፈችው፣ መልሳ ዘረጋችው። «በየኢዱ በር ሲንኳኳ 'ገነት ናት፣ ተናግራ ነው የመጣችው' ይለኛል። አንቺ ገብተሽ ሻይ ትጠጪና ትሄጃለሽ። መምጣትሽን ስታቆሚ ደግሞ 'ሥራ በዝቶባት ነው' አለኝ። ትናንትና እንኳ፣ ትንፋሽ እያጠረው፣ አንቺ ተናግረሽ ዴፖው ሰው ልኮ እንደሆነ ጠየቀኝ።»

እጇን ልስም ጎንበስ ስል ወደ ራሷ ሰበሰበችው። ግን አልገፋችኝም።

«እሱ አውፍ ብሎሻል፣ ይቅር ብሎሽ ነው የሄደው» አለችኝ። «እኔ ገና ነኝ።»

ከዚያ ሰዎች ሊያጽናኗት ገቡና ቦታ ለቀቅኩላቸው።